አማርኛ የተማርንበት የሎሚ ቁጥቋጦ

ባለፈው ክረምት መግቢያ እህቴ ቤት ሄጄ ለሰላጣ የሚሆን ሎሚ ልቀጥፍ ወደ ጓሮ ወጣሁ። እጄን ወደ ቅርንጫፉ ስሰድ ለስለስ፣ ቀዝቀዝ ያለ ነገር ነካሁ። ማየት አላስፈለገኝም፤ ሽታው ቀድሞ ነገረኝ። የበሰበሰ ሎሚ ከቆየ ቅቤ ጋር የተደባለቀ የሚመስል፣ አንዴ ጣት ላይ ካረፈ በሳሙና እንኳ ቶሎ የማይለቅ ሽታ ነው። እህቴ በኩሽናው መስኮት አይታኝ፣ "ምን ሆነሽ ነው ጣትሽን የምታሸቺው?" አለችኝ። እሷ አታውቀውም፤ የተወለደችው ከዚያ ዓመት በኋላ ነው።

ያ ዓመት አስመራ፣ ጥራቮሎ ሰፈር ውስጥ ያለፈ ነው። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። የኤርትራና የኢትዮጵያ ፌዴሬሽን ፈርሷል። የትግርኛ መጻሕፍታችን ተሰብስበው፣ በገመድ ታስረው ከክፍል ወጡና በቦታቸው ገና ቀለማቸው የሚሸት የአማርኛ መጻሕፍት ገቡ። ለእኛ ለልጆቹ ነገሩ ጨዋታ ነበር። አዲስ መጽሐፍ ደስ ይላል፤ ሥዕሉ ብዙ ነው፤ ቋንቋውም ቢሆን የራሳችንን ቋንቋ በሌላ ዜማ የሚናገሩት እየመሰለን በወር በሁለት ወር ውስጥ አፋችን ላይ ገባ።

ለአቦይ ግን ጨዋታ አልነበረም። አቦይ የምለው አባቴን ነው፤ በትግርኛ አባት እንዲያ ይጠራል። መምህር ተስፋይ ነው ስሙ። በጣልያን ጊዜ ለአገር ልጅ የተፈቀደችውን አራት ክፍል ጨርሶ፣ በእንግሊዝ ጊዜ የመምህርነት ኮርስ ወስዶ፣ ከዚያ ወዲህ ሲያስተምር የኖረ ሰው ነው። እኔም በዚያ ዓመት የእሱ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። በትምህርት ቤት "መምህር" እንጂ "አቦይ" ማለት አይፈቀድልኝም፤ ከልካዩ ራሱ ነው። በትግርኛ ስለ ዝናብ ሲያስተምር ልጆቹ ዘንቦ እንደሆነ ለማየት ወደ መስኮት ይዞሩ ነበር። በአማርኛ ሲሆን ግን ያ ሁሉ ሰው ያንሳል። "እንደምን አደራችሁ" ይላል፤ "ተቀመጡ" ይላል፤ ከዚያ መጽሐፉን ከፍቶ፣ ጣቱን ከመስመሩ ሳያነሣ እንደ ውዳሴ ማርያም ያነብልናል። ጥያቄ የሚጠይቅ ልጅ ሲነሣ ግንባሩ ላይ ላብ ይታየኛል።

ቤታችን ትንሽ ናት፤ ጓሮዋ ግን ከቤቷ ትበልጣለች። በአንድ በኩል የእናቴ የጽጌረዳ አጥር አለ፤ መሐል ላይ የሎሚ ቁጥቋጦ፣ ከጀርባው በግንቡ ላይ የወጣ ቡጋንቪላ። ግንቡን ተሻግሮ አንዲት ባሏ የሞተባት ጣልያን ትኖራለች፤ ሁላችንም ሲኞራ እንላታለን። በሚያዝያ ዝናቡ ጣል ጣል ሲያደርግ ቅጠሉ ሁሉ ለጋ ይሆናል፤ ለጋ ሲሆን ደግሞ ትሉ ይመጣል። የዚያ ዓመት ትል እንደሌላው ዓመት አልነበረም። ጠዋት ተነሥተን ስንወጣ የጽጌረዳው ቅጠል እንደ ወንፊት ተበሳስቶ እናገኘዋለን።

የእኔና የአቦይ ሥራ እዚህ ላይ ነው የሚጀምረው። ፀሐይ ሳትበረታ ይቀሰቅሰኛል። በአንድ እጁ ጥቂት ላምባ የፈሰሰባት የቲማቲም ሳልሳ ጣሳ ይይዛል፤ በሌላው እጁ እኔን። የአስመራ ጠዋት ብርድ አለው፤ ሹራቤ ላይ የእናቴን ነጠላ ደርቤ፣ ጤዛው ጫማዬን እያራሰብኝ፣ ከቁጥቋጦ ወደ ቁጥቋጦ እየዞርን ትል እንለቅማለን። የአቦይ ሕግ አንድ ነበር፦ "መጀመሪያ እዪ። ከዚያ ጠይቂ። ጣሳው መጨረሻ ነው።"

እኔ የማየው ሁሉ ሌላ ነገር ይመስለኝ ነበር። ሎሚው ቅጠል ላይ የወፍ ኩስ አይቼ በእንጨት ልጠርገው ስል ኩሱ ተንቀሳቀሰ። ጮኼ ወደ ኋላዬ ወደቅሁ። አቦይ ሳቀ። "ወፍ እንዳይበላው ነው እንዲያ የለበሰው፤ ኩስ የሚበላ ወፍ አይተሽ ታውቂያለሽ?" አለኝ። ያው ትል አድጎ ቆዳውን ሲቀይር አረንጓዴ ይሆናል፤ ሲነካ ከአናቱ ሁለት ብርቱካንማ ቀንዶች ያወጣና ያንን ሽታ ይለቃል። የጽጌረዳው ትል ሌላ ነው፤ ቀጭን ሆኖ፣ ቅጠሉን በራሱ ክር ሰፍቶ፣ እንደ ብርድ ልብስ ተጠቅልሎበት ይኖራል። እሱን ከነቅጠሉ ቆርጠን ጣሳው ውስጥ እንጨምረዋለን። በጽጌረዳው እንቡጥ ላይ፣ በቅጠል ቅማሎቹ መሐል የምትሄድ ጥቁር፣ ቅርፊታም ነገር አገኘሁና "አዞ! የአዞ ልጅ!" ብዬ ተጣራሁ። አቦይ ጣቱ ላይ አወጣት። "ይህችን እንዳትነኪያት። ስታድግ ቀይ፣ ባለ ነጠብጣብ ጥንዚዛ ትሆናለች። ቅማሉን ለእኛ የምትበላልን እሷ ናት።"

አንድ ጠዋት ደግሞ ጀርባዋ ላይ ሩዝ የመሰሉ ነጫጭ ነገሮች የተሸከመች ትል አገኘሁ። ልጆቿን ያዘለች መሰለኝ። ጣሳውን ወደ ኋላዬ ደበቅሁና፣ "አቦይ፣ ይህችን አንገድላትም፤ እናት ናት" አልኩት። ጎንበስ ብሎ አያት። ከዚያ እንደ ትልቅ ሰው እውነቱን ነገረኝ፤ ልጆቿ እንዳልሆኑ፣ አንዲት ትንሽ ተርብ ሆዷ ውስጥ እንቁላል እንደጣለችባት፣ የተፈለፈሉት ከውስጥ በልተዋት እንደ ወጡና አሁን በጀርባዋ ላይ እንደ ተኙ። "ተያት ግን" አለ፤ "ተርቦቹ ነገ ለእኛ ይሠራሉ።" ያን ቀን ቁርሴን አልበላሁም። እናቴ፣ "ለሕፃን እንዲህ ያለ ነገር ይወራል?" ብላ ተቆጣችው።

አንድ እሑድ አጎቴ ሊጠይቀን መጣ። ትልልቆቹ በረንዳ ላይ ሆነው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሲያወሩ እኔ ከበሩ ኋላ ነበርኩ። "አማርኛ የማይችሉትን መምህራን እየለቀሟቸው ነው አሉ" አለ አጎቴ። "ኢንስፔክተር ይመጣል። ክፍል ውስጥ ቆሞ ያያል።" እኔ የማውቀው ለቀማ አንድ ብቻ ነው፤ መጨረሻው ላምባ ነው። በማግሥቱ ጠዋት አቦይ ሲቀሰቅሰኝ ጣሳዋ የለችም። እኔ ነኝ ከዶሮው ቤት ኋላ የደበቅኋት። ለምን እንደሆነ ቢጠይቀኝ አልነገርኩትም።

ከዚያ ሳምንት ጀምሮ አቦይ ከትምህርት ቤት ሲወጣ እኔን በብሽክሌታው አግዳሚ ላይ አስቀምጦ ወደ ጋሼ ሰይድ ሻሂ ቤት መሄድ ጀመረ። ጋሼ ሰይድ የወሎ ሰው ነው። ከፌርማታው ፊት ለፊት ባለች አንዲት ክፍል ሻሂና ቢስኮቲ ይሸጣል። ሸንቃጣ፣ ፈገግታ የማይለየው፣ ኮፍያውን ከራሱ የማያወልቅ። አቦይ መጀመሪያ ቀን ሻሂ አዝዞ፣ ጠጥቶ፣ ምንም ሳይናገር ተነሣ። በሁለተኛው ቀን እንደዚያው። በሦስተኛው ቀን ጋሼ ሰይድ ብርጭቆውን ሲያነሣ፣ "መምህር፣ ሻሂዬ ይህን ያህል ጥሩ አይደለም። ምን ልርዳዎት?" አለው።

አቦይ ቀላ። ከዚያ በሰባራ አማርኛ ነገረው። ኢንስፔክተሩ ሲመጣ የተፈጥሮ ሳይንስ ትምህርት ሊያሳይ ነው። ጓሮው ውስጥ ያሉትን ትሎች በጠርሙስ አሳድጎ ለልጆቹ ቢራቢሮ እስኪሆኑ ሊያሳያቸው ነው። ነገሩን ያውቀዋል። ስሙን ግን አያውቀውም። በትግርኛ ሓሰኻ ነው፤ ጣልያን ብሩኮ ይሉታል፤ በአማርኛስ?

"ፀጉር ያለው ነው የሌለው?" አለ ጋሼ ሰይድ።

"አለው። የሌለውም አለ፤ ፀጉራሙ ግን ያሳክካል።"

"እሱማ አባ ጨጓሬ ነው! ወላሂ፣ ዘንድሮ አባ ጨጓሬው በዝቷል።"

በእኛም አገር መነኩሴ "አባ" ይባላል። እኔ ዘንድሮ ስለ በዙት መነኮሳት ሳስብ፣ ከየትኛው ገዳም እንደ መጡና ለምን እንደሚያሳክኩ ሳሰላስል ነው ያመሸሁት።

አቦይ ቃሉን ሞከረው። "ዐባ ጨጓሬ።"

"አባ ነው እንጂ ዐባ አይደለም መምህር፤ ጉሮሮዎን ያሳርፉት። የእኛ አማርኛ ከከንፈር ነው የሚወጣው።"

ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሻሂ ቤቱ ለአቦይ ትምህርት ቤት ሆነ። እኔ ከመጽሐፉ አነብለታለሁ፤ ጋሼ ሰይድ አነጋገሩን ያስተካክላል፤ አቦይ ይደግማል። እጭ። ትል። ክንፍ። ቆዳውን ገፈፈ። ስሜን ትርሓስ ብሎ መጥራት ለጋሼ ሰይድ ስለ ከበደው "ትርሃስ" ይለኛል፤ አቦይ ደግሞ በተራው፣ "ከጉሮሮ ነው፣ ከጉሮሮ!" እያለ ይመልስለታል።

ጋሼ ሰይድ ቃል ብቻ ሳይሆን ምክርም ሰጠን። "እናቴ ጎመን ላይ አመድ ትነሰንስ ነበር። ትሉ ድራሹ ይጠፋል፤ አብሽሩ" አለ። አቦይ አላመነም፤ ግን ሰውዬውን ማስቀየም አልፈለገም። አንድ ባልዲ አመድ ጽጌረዳውና ሎሚው ላይ ነሰነስን። በዚያው ከሰዓት ዝናብ ጣለና አመዱ ጭቃ ሆኖ ቅጠሉ ላይ ተለጠፈ። ትሎቹ ከሥሩ በደኅና ዋሉ። እናቴ ጓሮውን አይታ፣ "አሁን ደግሞ ምን ልትጨምሩበት ነው?" አለች።

እናቴ የተቆጣችበት ምክንያት ነበራት። ታናሽ እህቷ ከፋሲካ በኋላ ልታገባ ነው፤ እንግዳ የሚቀበለው እኛ ጓሮ ነው። ጽጌረዳውን ለዚያ ቀን ስትል ስትኮተኩት፣ ስታጠጣ የኖረች ሴት ናት። እኔና አቦይ በየጠዋቱ ለቅመን ለቅመን ግማሹን እንተዋለን፤ ይህኛው ተርብ አለበት፣ ያኛው ጥንዚዛ ይሆናል እያልን። በእሷ ዓይን ትል ትል ነው። የአማርኛው ነገርም ሌላ ጭንቀቷ ነበር፤ አቦይ ከሥራ ቢወጣ ምን እንደምንበላ ለእኛ አትናገርም፣ ግን ሌሊት ስታጉረመርም እሰማታለሁ።

ሠርጉ ሊደርስ አንድ ሳምንት ሲቀረው ከትምህርት ቤት ስንመለስ ጓሮው ጸጥ ብሏል። ጸጥታው እንዴት እንደሚሰማ ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ይከብዳል፤ ንብ የለም፣ ዝንብ የለም። አየሩ ላይ ጉሮሮ የሚከረክር የመድኃኒት ሽታ አለ። እናቴ ከሲኞራ የመድኃኒት መርጫ ፖምፓ ተውሳ፣ ዲዲቲ ሞልታ፣ ከጽጌረዳው እስከ ቡጋንቪላው አንድ ቅጠል ሳትተው ረጭታዋለች። ራሷን በነጠላ ጠቅልላ፣ ደክሟት፣ የድል ፊት ይዛ በረንዳው ላይ ተቀምጣለች።

"ተገላገልን" አለች።

ለትምህርቱ ትል የምናሳድግባቸው የማርመላታ ጠርሙሶቻችን በረንዳው ጥግ ነበሩ። ትሎቹ የጠዋቱን ምግብ ስለ ጨረሱ እናቴ አዝናላቸው፣ አዎ አዝናላቸው፣ ትኩስ የሎሚ ቅጠል ከቁጥቋጦው ቆርጣ ጨምራላቸዋለች። አረንጓዴዎቹ ሁሉ ጠርሙሱ ሥር ተጠማዝዘው ወድቀዋል። አቦይ ክዳኑን ከፍቶ አያቸው። የተቆጣ መስሎኝ ነበር። አልተቆጣም። እናቴ አጠገብ ተቀምጦ ጠርሙሱን ጉልበቱ ላይ አደረገና፣ "ለሠርጉ ብለሽ ነው" ብቻ አላት። እሷ ያኔ ነው ያስተዋለችው። "ለትምህርትህ ነበሩ እንዴ?" ብላ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ኢንስፔክተሩ በግንቦት መጨረሻ እንደሚመጣ በዚያው ቀን ተነግሮን ነበር።

ሠርጉ አማረ። ጽጌረዳው አበበ፤ እንግዳው ሁሉ አደነቀ። ድንኳኑ ከተነሣ ከጥቂት ቀናት በኋላ ግን እንቡጦቹ ላይ ቅማል ወጣ። መጀመሪያ ጥቂት፤ ቀጥሎ እንቡጡ እስከማይታይ። ቅጠሉ ተጣበቀ፤ ጉንዳን መጣ። የእኔ አዞዎች ግን አንድም አልተመለሱም። እናቴ ፖምፓውን አየች፣ አቦይን አየች። ከዚያ ራሷ ጨርቅ አርሳ እያንዳንዱን እንቡጥ መጥረግ ጀመረች። እኔና አቦይም ጨርቅ ያዝን። ሦስታችንም አብረን ጓሮ ውስጥ የሠራነው ያን ሰሞን ነው፤ እናቴ ስትሠራ ታንጎራጉራለች፤ ያንንም ያወቅሁት ያኔ ነው።

ትል ግን ያስፈልገን ነበር። ከእኛ ሎሚ የተረፈ የለም። አቦይ ነገሩን ለጋሼ ሰይድ ሲነግረው ሰውዬው ፎጣውን ትከሻው ላይ ወርውሮ ብድግ አለ። ከሻሂ ቤቱ ኋላ በበርሜል የተተከለች የሎሚ ችግኝ አለችው። "ለሻሂ ነው የተከልኳት እንጂ ለትል አልነበረም" እያለ ቅጠል በቅጠል ገለበጣት። በመጨረሻ በትልቅ ጥንቃቄ ሦስት ቅጠል ይዞ መጣ። "እንካችሁ። ኩስ የሚመስሉት ናቸው ያላችሁት፤ ሦስት አገኘሁ።"

አቦይ አንድ በአንድ አያቸውና ሳቁ አመለጠው። "ሁለቱ ትል ናቸው ጋሼ ሰይድ። ይኸኛው ግን ኩስ ነው።"

"እንግዲህ ምን ላድርግ፣ ሁሉም አልተናገሩም!" አለ ጋሼ ሰይድ። እጁን ሊታጠብ ሲሄድ ደንበኞቹ ሁሉ ይስቁ ነበር።

እነዚያን ሁለት ትሎች እንደ ሕፃን አሳደግናቸው። ቅጠል የምናመጣው ከጋሼ ሰይድ በርሜል ብቻ ነው። ኢንስፔክተሩ ሊመጣ ሲል አንደኛው ከእንጨት ጋር ራሱን በክር አስሮ፣ እንቅስቃሴውን አቁሞ፣ የደረቀ ቅጠል መሰለ። ሁለተኛው ገና አረንጓዴ፣ ወፍራም፣ በሊታ ነበር።

ኢንስፔክተሩ ከአዲስ አበባ የመጣ ረጅም ሰው ነው፤ ግራጫ ሱፍ ለብሷል፤ ድምፁ ዝቅ ያለ። ዳይሬክተሩ ወንበር አምጥቶለት በክፍሉ ኋላ ተቀመጠ። አቦይ ጠርሙሶቹን ጠረጴዛው ላይ አድርጎ ጀመረ። ጥሩ ነበር፤ በጣም ጥሩ ነበር። "ቢራቢሮ ከእንቁላል ትጀምራለች። ከእንቁላል እጭ ይወጣል። እጩ ይበላል፣ ያድጋል፣ ቆዳውን ይገፍፋል።" እያንዳንዱን ቃል ሻሂ ቤት ስንለማመደው ከነበረበት ወንበር ጋር አውቀው ነበር። ከንፈሬ ከእሱ ጋር ይንቀሳቀስ ነበር። ኢንስፔክተሩ ተነሥቶ ወደ ጠረጴዛው ቀረበ። አቦይ አረንጓዴዋን ትል በስንጥር ነካት፤ ቀንዶቿን አወጣች። ጎንበስ ብሎ የነበረው ኢንስፔክተር ሽታው ሲደርሰው መሐረቡን አውጥቶ አፍንጫው ላይ ያዘ። ልጆቹ አፋቸውን ይዘው ሳቁ። እሱም ፈገግ አለ። "ይቺስ ራሷን ታስከብራለች" አለ።

ከዚያ ያልተዘጋጀንበትን ጥያቄ ጠየቀ።

"አቶ ተስፋይ፣ ይቺ ትል ግን የሎሚ ጠላት አይደለችም እንዴ? ጠላትን እንዴት ማሳደግ እንደሚቻል ነው ለልጆቹ የሚያስተምሩት?"

ጥያቄው ክፋት አልነበረበትም። አቦይ ገብቶታል፤ እንደ ገባው ከዓይኑ አየሁ። "ምክንያቱም" አለ። ቆመ። "ምክንያቱም... ትሉ..." ላቡ ወረደ። ዳይሬክተሩ በሩ ላይ ሆኖ አሳለ። አቦይ ወደ ጠርሙሱ አየ፤ ወደ እኛ አየ። ከዚያ ስንጥሩን አስቀመጠና በትግርኛ ተናገረ። ክፍል ውስጥ ትግርኛ በዚያ ዓመት ክልክል ነበር። ግን ያ ዝናብ የሚያዘንበው ድምፁ ተመልሶ መጣ፤ ልጆቹ ሁሉ ቀና አሉ። ሲጨርስ እጆቹን ኋላው አጣምሮ ቆመ።

ኢንስፔክተሩ ወደ እኛ ዞረ። "ምን አሉ?"

እኔ ተነሣሁ።

"አባቴ ያሉት፣ ጓሮ ውስጥ ያለው ትል ሁሉ አንድ አይደለም ነው። አንዱ ቅጠል ይበላል። አንዱ ቅጠል የሚበላውን ይበላል። ሳያይ መርዝ የሚረጭ ሰው ሁለቱንም ይገድላል። ቅጠል የሚበላው ቶሎ ይመለሳል፤ ምግቡ አለና። ጠባቂው ግን ዘግይቶ ነው የሚመለሰው። በእኛ ቤት እንዲህ ሆኗል። ስለዚህ እኔ ጠላት ማሳደግ አላስተምርም፤ ማየት ነው የማስተምረው፤ ያየ ልጅ በኋላ የትኛውን ማንሣት እንዳለበት ያውቃል። ያሉት ይህን ነው።"

"አባትሽ ናቸው?"

"እወ" አልኩ፤ አማርኛው ሁሉ በዚያች ቃል ላይ አለቀብኝ። ክፍሉ ሳቀ። አቦይ አልሳቀም።

ኢንስፔክተሩ ወደ አቦይ ዞረ። "አመሰግናለሁ" ብሎ ባርኔጣውን አነሣና ወጣ።

ወደ ቤት ስንመለስ አቦይ ብሽክሌታውን አልነዳም፤ እየገፋ ሄደ። ያሳፈርኩት መስሎኝ ነበር፤ አባት ለልጁ ይናገራል እንጂ ልጅ ለአባቷ አትናገርም። በጥራቮሎ መንገድ አልታጠፈም። ወደ ዋናው ጎዳና፣ ወደ ኮምቢሽታቶ ወሰደኝ። የማምሻው ሽርሽር ጀምሯል፤ ሰው ለብሶ ይመላለሳል። ጄላቶ ገዛልኝ፤ ለራሱ አልገዛም። ከዛፎቹ ሥር ቆመን ስልስ፣

"ያ 'ዘግይቶ' ያልሽው ቃል" አለኝ፤ "ምን ማለት ነው?"

በትግርኛ ነገርኩት።

"ዘግይቶ" አለ ለራሱ። "ዘግይቶ። ጥሩ ቃል ነው።"

ውሳኔው የመጣው በሰኔ፣ ትምህርት ሲዘጋ ነው። ዳይሬክተሩ ጠርቶ በቃል ነገረው። ሊያስተምር ይችላል፤ ግን ክረምቱን ሙሉ የማታ አማርኛ ትምህርት ተምሮ ካላለፈ በመስከረም ክፍል አያገኝም። እናቴ እልል ልትል ከጀላት። አቦይ ግን ሊመዘገብ ሄዶ ሲመለስ ፊቱ ጠቁሯል። አስተማሪው ማን እንደሆነ አይቷል። ዮሐንስ ነው። አቦይ ራሱ ፊደል ያስቆጠረው፣ እርሳስ ሁልጊዜ የሚረሳ፣ ያኔ ከእናቱ ጋር ቅጠል እየሸጠ የሚማር ልጅ፤ አዲስ አበባ ተምሮ ተመልሶ የመምህራን አስተማሪ ሆኗል።

"አርባ ዓመት አልፎኝ" አለ አቦይ፤ "በልጄ ፊት፣ በራሴ ተማሪ እጅ።"

ትምህርቱ የሚጀምርበት ቀን ከሰዓት ዝናብ ነበር። አቦይ በካኒቴራው አልጋው ላይ ተቀምጧል። እናቴ ነጭ ሸሚዙን ተኩሳ ወንበር ላይ ዘረጋችው፤ ክራቫታውን አጠገቡ አደረገች፤ ወጣች። ቆይቶ፣ ቆይቶ ለበሰው። "ሰሌዳውን ታነቢልኛለሽ፤ ዓይኔ ደክሟል" ብሎ እጄን ያዘ። ዓይኑ ምንም አልሆነም ነበር።

ስንደርስ ዘግይተናል። ክፍሉ በትልልቅ ሰዎች ተሞልቷል፤ ኮታቸው የረጠበ፣ ጉልበታቸው ከዴስኩ በታች አልገባ ያላቸው መምህራን። ዮሐንስ ሰሌዳው ላይ እየጻፈ ነበር፤ ወጣት፣ ቀጭን፣ ሱፉ አዲስ። አቦይ በሩ ላይ ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ ቆመ። ተማሪ ዘግይቶ ሲመጣ እንደሚቆመው።

ዮሐንስ ዞሮ አየው። ጠመኔውን አስቀመጠ። እጁን በሱሪው ጠረገና ቀጥ ብሎ ቆመ።

"ተነሡ" አለ ለክፍሉ። "መምህሬ ገብተዋል።"

ያ ሁሉ ሰው፣ ወንበር እየተንኳኳ፣ ዴስክ እየተንቀጫቀጨ ተነሣ። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ይወርድ ነበር። አቦይ አልተንቀሳቀሰም። እጄን አጥብቆ ከመያዙ የተነሣ አመመኝ። ዮሐንስ የፊተኛውን ዴስክ ወንበር ሳብ አድርጎ፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ ጠበቀው።

አቦይ ሄዶ ተቀመጠ። ከዚያ ሁሉም ተቀመጡ።